የበግ ዋጋ እስከ ቱርክ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት መምህር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ ቱርክ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ኢኮኖሚክስ ነው የምትማር» አሉ ሽማግሌው።

«ማሻአላህ! መቼ ትመረቃለች?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ በኛ ገበያ የበግ ዋጋ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ገበያ በዋልኩ ቁጥር እየደወለች ስንት እንደሸጥኩ ትጠይቀኛለች።»

«ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል?»

«ግማሹን ብቻ ነዋ የምነግራት!»

«የገዛ ልጅዎን?»

«በስልክ እውነተኛ ዋጋ ይነገራል እንዴ? ግብሩ አለ፣ ነጋዴው አለ፣ የሰው ዓይን አለ።»

«ወይ አባባ! አስተማሪዋ ምን አሉ?»

«‹ገበሬው እንዲህ እየከሰረ በግ ማርባቱን ለምን አይተውም? ምክንያቱን ፈልገሽ ጻፊ› አሏት። ነገ ነው የምታስረክበው።»

«ኧረ አሁኑኑ ይደውሉላት፤ በእርስዎ በግ ልትወድቅ ነው!»

ሽማግሌው ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ቃኙና ደወሉ።

«ልጄ፣ እስካሁን የነገርኩሽን ዋጋ ሁሉ እጥፍ አድርገሽ ጻፊው።»

«ሁሉንም? የትናንቱንም?» የልጅቷ ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማል።

«የትናንቱንም! ቁጥሩን ግን እንዳትጠሪ፤ ታክሲ ውስጥ ነኝ።»

«እሺ አባዬ። እንግዲህ የትናንቱ በግ...»

ከኋላቸው የነበርኩት እኔ የበግ ነጋዴው፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጆሮዬን እዚያው ተውኩት።