አያ እጅጉና የተቆረጠው ሐረግ

አያ እጅጉ ያን ዕለት ከፍኖተ ሰላም ሲነሡ ደህና ሰው ነበሩ። ዳገቱ ወገብ ላይ የአይሱዙው ጎማ ፈንድቶ ትርፍ ጎማውም አየር የለውም ሲባል ግን ንዴታቸው ገነፈለ።

«ኧረ እንዴት ያለ ጉድ ነው! አህያ የሚጭን ሰው እንኳ ትርፍ መጫኛ ይዞ ይወጣል!» እያሉ ከጭነቱ ላይ ወረዱ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። እሳቸው የቡሬ ሰው ናቸውና የደጋ ዳሞት ብርድ በጥቅምት አጥንት ድረስ ይገባል ሲባል ሰምተው እንጂ ቀምሰውት አያውቁም። ጋቢያቸውን ደርበው መንገድ ዳር ቆሙ።

የቸኮሉበት ጉዳይ ነበራቸው። በማግሥቱ ፈረስ ቤት ከተማ ላይ አንድ የቆየ ወዳጃቸው ይጠብቃቸዋል፤ ሴት ልጁን ለልጃቸው ለደጀኔ ሊጠይቁ ነው። ደጀኔ ሚስት የለውም እንዳይባል፣ አለው። ሸጋዬ ትባላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን አሙቃ፣ አማቷን አስታማ ቀብራ፣ አረም ነቅላ፣ ነዶ ተሸክማ ኖራለች። ልጅ ግን አልወለደችም። ስለዚህ አያ እጅጉና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ተቀምጠው «መካን ናት፤ ወደ ወላጆቿ ትመለስ» ብለው ጨርሰዋል። ለእሷ እንኳ ገና አልተነገራትም።

እኛ ሰዎች የምንገርም ነን። በሬ ስንገዛ ጥርሱን ከፍተን እናያለን፣ እናስኬደዋለን፣ ቀንበር ጭነን እንሞክረዋለን። የሰውን ልጅ ከቤቱ ለማስወጣት ግን ወሬ ይበቃናል።

ከዚያው መኪና ላይ የወረደች አንዲት ወጣት ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ እጅ ነሣች።

«አያ፣ እዚህ ብርድ ላይ ከሚቆሙ ከዚያ ማሳ ገብተው ይረፉ። ባለቤቱን አውቀዋለሁ። እህተ ማርያም እባላለሁ፤ የዚህ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሪጌታ ገብረ ሕይወት።»

«እሰይ፣ የደህና ሰው ልጅ ነሽ» አሉና ተከተሏት።

ማሳው ከመንገዱ በታች ነው። እንጨት በረድፍ ተተክሎ፣ ሽቦ ተወጥሮ፣ በላዩ ላይ ሐረግ እየተጠማዘዘ ዳስ ሠርቷል። የማሳው ጌታ ስመኘው የሚባል ሃምሳ ዓመት የሞላው ብቸኛ ሰው ነበር። እንግዳ ሲያይ መቆፈሪያውን ጥሎ ተነሣ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ወይን እንዳልል፣ ወይን በዚህ ውርጭ?» አሉ አያ እጅጉ።

«ኪዊ ይሉታል አያ። ብዙ ዓይነት አለው፤ ይኸኛው ብርድ የሚችለው ነው። እንዲያውም ብርድ ካልነካው ደህና አድርጎ አያብብም። ችግኙን ለሙከራ ብለው ሰጡን። እስቲ ይቅመሱት።»

ከአውራ ጣት ጫፍ ትንሽ የሚተልቁ አረንጓዴ ፍሬዎች በእጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው። አያ እጅጉ ልጣጩን ሊፍቁ ሲሉ «ከነልጣጩ ነው» አለቻቸው እህተ ማርያም። አንዱን በጥርሳቸው ከፈሉት፤ ውስጡ አረንጓዴ፣ እንደ ኑግ ባሉ ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች የተሞላ። ጣፈጣቸው። ሁለተኛውን ሲበሉ ንዴታቸው በረደ፤ ሦስተኛው ላይ የገበሬ ዓይናቸው ሥራውን ጀመረ።

«ስመኘው፣ ማሳህ ያማረ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ» አሉና በዱላቸው ከረድፉ መካከል ያለ አንድ ሐረግ አመለከቱ። ቅጠሉ ከሁሉ የለመለመ ነው፤ ፍሬ ግን አንድም የለበትም። «ይኸን ለምን አትቆርጠውም? ከጓደኞቹ እኩል ፍግ ይበላል፣ ምንም አይሰጥ። መካን ነው።»

ስመኘው ወደ እህተ ማርያም ዞሮ አየና በምሬት ሳቀ።

«አያ፣ እኔም ልክ እንደዚህ ብዬ ነው ቆርጬ የጣልኩት። ይምጡ ላሳይዎት።»

ከዚያ ራቅ ወዳለው የላይኛው እርከን ወሰዳቸው። እዚያም እንደታችኛው ያለ ዳስ ነበር፤ ሐረጉም ወፍራም፣ ቅጠሉም ጤነኛ ነው። አያ እጅጉ ቅጠሉን እየገለጡ ፈለጉ። አንድም ፍሬ አላገኙም።

«ይኸን ሁሉ የበላው ምንድን ነው? ወፍ ነው?»

«ወፍ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አያ፣ ኮሶ ሴቴና ወንዴ እንዳለው ያውቃሉ አይደል? ይኸም እንደዚያው ነው። ወንዴው ያብባል እንጂ አያፈራም። ንብ ከእሱ አበባ ላይ ዱቄቱን ወስዳ ለሴቴዋ ካላደረሰች ሴቴዋ ፍሬ አትይዝም። ለሰባት ለስምንት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ይቺ ልጅ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ‹ፍሬ የማይሰጥ ምን ይሠራልኛል› ብዬ የዚህን እርከን ወንዶች በመጥረቢያ ጣልኳቸው። በዓመቱ ሴቶቹ አበባ በአበባ ሆኑ። ደስ አለኝ። አበባው ረገፈ፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ጥፋቴን መሰለዎት ያየሁት? ‹ሴቶቹም መከኑ› ብዬ ልነቅላቸው መቆፈሪያ አነሣሁ!»

«እኔ ደርሼ ነው ያስጣልኩት» አለች እህተ ማርያም። «ሴቶቹ ምንም ጉድለት የለባቸውም። የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ ወንድ ተክለንላቸዋል፤ እስኪያብብ እንጠብቃለን።»

አያ እጅጉ ከት ብለው ሳቁ። «ወይ ስመኘው! ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ሲባል አልሰማህም? የጎደለውን ሳታይ ያለውን ልትነቅል!»

ሰው የሌላውን ጥፋት ሲያይ ዓይኑ እንደ ንስር ነው። ሦስቱም ተቀመጡ፤ ስመኘው ጠላ ቀዳ። በጨዋታ መሐል እህተ ማርያም «ለምን ጉዳይ ነው የወጡት አያ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አያ እጅጉም የሚያፍሩበት ነገር አልመሰላቸውምና ነገሩን ከነሥሩ አጫወቷት። ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሸጋዬ ሐኪም አይቷታል?»

«ሐኪም ምን ይሠራል? ግሽ ዓባይ ጠበል ሦስት ክረምት ተመላልሳለች። በጭቃ፣ በእግሯ።»

«ልጅዎስ ተጠምቋል?»

«እሱ ምን ሆኖ ይጠመቃል!»

«አቤት አምላኬ!» አለች እህተ ማርያም፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ልጅ የሁለት ሰው ነው፤ ጠበሉ ግን የአንድ ሰው! እሷ በክረምት ጭቃ ስትመላለስ እሱ ቤቱ እሳት ይሞቃል!»

«ልጄ፣ ቀስ በይ። ይኸ ከአባቶቻችን የመጣ ነው። አብርሃምስ ሣራ ባትወልድለት አጋርን አልወሰደም?»

«ወስዷል አያ። ሣራን ግን ከድንኳኗ አላስወጣትም፤ ኋላም የወለደችለት እሷው ናት። ደግሞ ሐና ማኅፀኗ ተዘግቶ ስታለቅስ ባሏ ሕልቃና ምን አላት? ‹እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን?› ነው ያላት። ‹ውጪልኝ› አላላትም። መጽሐፉን ስንጠቅስ ለእኛ የሚመቸንን ገጽ ብቻ ባንገልጥ መልካም ነው።»

 አያ እጅጉ የመሪጌታ ልጅ መሆኗን ረስተው ነበር። «ታዲያ ዘሬ ይጥፋ?» አሉ በመጨረሻ።

«ዘርዎን የሚያጠፋው ማን እንደሆነ በምን አወቁ? ሌላይቱም ባትወልድስ? ሦስተኛይቱስ? የሰው ልጅ እንደ ሸማ እየተለካ ይመለሳል እንዴ? ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንከኑ የሸጋዬ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስድስት ዓመት የደከመችበት ቤት የእሷም ቤት ነው።»

«ኤዲያ! የዛሬ ልጆች አፋችሁ ስለት ነው» ብለው ሊነሡ ሲሉ ስመኘው እጃቸውን ያዛቸው።

«አያ፣ የእሷን ቃል ይተዉት፤ የእኔን ይስሙ። ያምሮት የምትባል ሚስት ነበረችኝ። አምስት ዓመት አብረን ኖርን፣ አልወለደችም። ሽማግሌ አስቀምጬ መካን ናት አስብዬ ሰደድኳት። ስትወጣ በበሩ ተመልሳ ‹ስመኘው፣ ምን አጠፋሁ?› ብላኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም። ሌላ አገባሁ። እሷም አልወለደች፤ ሰባት ዓመት አየችኝና ራሷ ጥላኝ ሄደች። ባለፈው ዓመት ችግኝ ላመጣ አዴት ወርጄ በገበያው መሐል ያምሮትን አየኋት። አንዱን አዝላ፣ ሁለቱን አስከትላ። ሦስት ልጆች አያ! ‹እንደምን ነህ› አለችኝ፣ በደህና አንደበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። የተቆረጠው ሐረግ ይተከላል። ያምሮትን ግን ማን ይመልስልኛል?»

ስመኘው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። 

«አያ» አለች እህተ ማርያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደጀኔ ጎረምሳ ሳለ ጆሮ ደግፍ ታሞ ያውቃል?»

አያ እጅጉ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። «ልጄን ስልብ ልትይው ነው? በማላውቀው አገር፣ በሰው ማሳ፣ እንዲህ ልዋረድ? አይ! አይደረግም!»

ብለው ወደ መንገዱ አቀኑ፤ ነገር ግን ዐሥር ርምጃ አልሄዱም። ደጀኔ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር። አንገቱ አብጦ አልቀረም፤ እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ ሰባት ቀን መቆምም መቀመጥም ከልክሎታል። ያከመችው አሮጊት «ዘሩን እንዳይነካው እፈራለሁ» ብላ ነበር። አያ እጅጉም «አፍሽን ያዢ» ብለዋት ነበር። ሲያጩለትም ለሸጋዬ ወላጆች አልነገሯቸውም። ረሱት እንበል? አልረሱትም። ሰው የማይወደውን ነገር ከልቡ ጓዳ ጥሎ በሩን ይዘጋበታል፤ አያ እጅጉም ያደረጉት ይኸንኑ ነው።

ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ከስሏል።

«ልጄ፣ ታሞ ነበር» አሉ። «አውቅ ነበር። አውቄ ነው እሷን መካን ያስባልኳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።»

«ይኸን ያሉ አባት ብዙ የሉም» አለች እህተ ማርያም። «ታሞ ነበር ማለትም ያለቀለት ነው ማለት አይደለም። ጆሮ ደግፍ ሁሉንም አያመክንም፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፣ የሚታከምም አለ። ሁለቱም አብረው ይታዩ። ጠበሉንም ቢሆን አብረው ይጠመቁ። እግዚአብሔርም ሐኪምም ሁለቱን ሳያይ አይፈርድም፤ የምንፈርድ እኛ ብቻ ነን።»

መንገዱ ላይ ጎማው ተሠርቶ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። አያ እጅጉ ወደ ላይ፣ ወደ ፈረስ ቤት አዩ። «ፈረስ ቤት ስትደርሺ ለዚያ ወዳጄ ቀርቷል በይልኝ፤ ምክንያቱን ኋላ እኔው እነግረዋለሁ» አሉና ወደ ታች የሚወርድ መኪና ጠበቁ።

ቡሬ እንደገቡ ሸጋዬን ጠርተው አስቀመጧትና ሁሉንም ነገሯት፤ የፈረስ ቤቱን ቀጠሮም፣ ጆሮ ደግፉንም። «ይቅር በይኝ» ብለው ወደ ጉልበቷ ሲያጎነብሱ አልፈቀደችም፤ ግን አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም።

«አባቴ፣ ይቅር ልበልዎት» አለች። «ነገር ግን መካን የተባልኩት በጓዳ አይደለም። በወንዙ፣ በወፍጮው፣ በሠርግ ቤት ነው። ልጅ እንዳልነካ፣ ሙሽራ ቅቤ እንዳልቀባ ተከልክያለሁ። ስድቤ በአደባባይ ሆኖ ይቅርታው በጓዳ ነው?»

 ደጀኔም ጥግ ላይ ሆኖ ሰምቶ ነበር፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ሦስት ቀን ከአባቱ ጋር አልተነጋገረም። በአራተኛው ቀን ሸጋዬን «ነይ እንሂድ» ብሏት ሁለቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የእሷን ደህና ነው አለ። ለደጀኔ መድኃኒትና ቀጠሮ ሰጠው፤ ተስፋው ግን ቀጭን መሆኑን አልደበቀውም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተቀምጦ ጸበል ጻዲቁ ከቀረበ ወዲያ አያ እጅጉ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ሸጋዬን መካን ያልኳት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ጉድለቱ ከእኔ ወገን እንደሆነ ልቤ እያወቀ አፌ ደብቆታል። ከእንግዲህ በዚህ አጥቢያ ባልና ሚስት ሁለቱም ሳይታዩ ‹አልወለደችም› ተብሎ ሴት ከቤቷ ትውጣ ቢባል እኔ ሽምግልና አልቀመጥም፤ የሚቀመጠውንም እቃወማለሁ። ቤት ሳይፈርስ ይቀራል፣ የታመመ በጊዜ ይታከማል፣ ባልና ሚስትም ልጅ ባይሰጣቸው የተቸገረ ልጅ አሳድገው በእርጅናቸው በእሱ ይጦራሉ። ሌላይቱም ሙሽራ በሰው እንባ ላይ አትገባም። ያመለጠን ይኸ ሁሉ ነው።»

 ቄሱ «ቃለ ሕይወት ያሰማዎት» አሉ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሸጋዬም ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ ተቀመጠች።

ከሴቶቹ ጀርባ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው። በወጣትነታቸው አልወለደችም ተብለው ከባላቸው ቤት ወጥተው፣ ሁለተኛም ሳያገቡ፣ በወንድማቸው ጓሮ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ያረጁ ሴት። ያን ጊዜ ፍቺውን ከፈረዱት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት፣ ያኔ በዕድሜ ከሁሉ ያንሱ የነበሩት አያ እጅጉ ብቻ ናቸው።

«እጅጉ» አሉ፣ አያ ሳይሉ፤ «የእኔንስ ባል ማን አይቶት ነበር?»

 አሮጊቷም መልስ አልጠበቁም፤ ምርኩዛቸውን ይዘው በቅጽሩ በር ወጡ።