በወንዙ ሸለቆ ከእግረኛ ድልድይ ላይ ስለተነቀሉት አሥራ ሦስት ሳንቃዎች

ምስክር፦ የተጠርጣሪው ታላቅ ልጅ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

በእግረኛ ድልድይ ላይ ጉዳት አድርሰዋል ተብለው በዚህ ጣቢያ የሚገኙት የ74 ዓመት አዛውንት ወላጅ አባቴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንገድ ሥራ ክፍል አናጢ ነበሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔና ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄ ጋር ይኖራሉ።

ባለፈው ሐሙስ ከምሽቱ 1፡00 ገደማ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ቤቴ መጣ። ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር አንድ ሳምንት ስለቀረው፣ እሁድን ቤተሰቡ በሙሉ በተራራው ወንዝ ሸለቆ በእግር ስንሄድ እንድንውል ተስማምተን ነበር። ልጄ ለጉዞው የምንይዘውን ነገር በደብተሯ ትጽፋለች፤ ወንድሜ ደግሞ መንገዱን በወረቀት ሣለ። ከመኪና ማቆሚያው ወንዙን ይዘን ሽቅብ፣ በእንጨቱ ድልድይ ተሻግረን ፏፏቴው ሥር ምሳ፣ ከዚያ በመጣንበት መመለስ።

አባቴ ጣታቸውን ድልድዩ ላይ አሳርፈው፣ ተሸካሚ ግንዶቹን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ማለፉን፣ ግንዶቹም ከውስጥ ሳይበሰብሱ እንደማይቀሩ ነገሩን። ወንድሜ «አባባ፣ ጡረታ የወጡት እርስዎ ነዎት እንጂ ድልድዩ አይደለም» ሲል ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ያንኑ ደገሙት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንኳን ሸለቆ፣ የቤታችንን ደረጃም በመከራ ነው የሚወጡት። እርስዎ ቤት ይሁኑ፣ ለእኛ አይጨነቁ» አልኳቸው። ምላሴን ነክሼ ዝም ብል በተሻለኝ። አባቴ «እሺ ልጄ» ብለው የጠጡበትን ብርጭቆ አጥበው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ለሥራ ስወጣ አልጋቸውን ተነጥፎ አገኘሁት። ጎረቤት ሄደው ይሆናል ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከቀኑ 8፡00 ስመለስም አልነበሩም፤ የመሣሪያ ሳጥናቸውም ከበረንዳው ተነስቷል። ምድር ቤት የሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ አባቴ ሳጥናቸውን ይዘው በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሸለቆው ሲሳፈሩ ማየቱን፣ «ምነው አባት፣ በዚህ ማለዳ?» ቢላቸው «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ብለውት ማለፋቸውን ነገረኝ። ወዲያው ለወንድሜ ደውዬ በጓደኛው መኪና ተከተልናቸው።

ድልድዩ ጋ የደረስነው 9፡40 ገደማ ነው። ከወዲህኛው ጫፍ አሥራ ሦስት ሳንቃዎች ተነቅለዋል። አንዱም አልተሰበረም፤ እንደ ቁመታቸው ተደርድረው ሚስማራቸው በጣሳ ተሰብስቧል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ መዳፋቸው ይደማል። አሥራ ሁለት ሰው ይዞ የመጣ አስጎብኚ የአባቴን ኮሌታ ጨምድዶ «ይህ ያበደ ሽማግሌ መንገድ ዘጋብን!» እያለ ይጮሃል። የሸለቆው ጥበቃ መካከላቸው ገብቶ ለምን ይህን እንዳደረጉ ጠየቃቸው። የመለሱትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ነገ ልጆቼ በዚህ ይሻገራሉ። ብነግራቸው አልሰሙኝም» ነው ያሉት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ወንድሜ ከሳጥኑ ካቻቢቴ አንስቶ ከድልድዩ ሥር ወረደ። ተሸካሚውን ግንድ ሲወጋው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ጥልቅ አለ። ወጥቶ ጃኬቱን አውልቆ ለአባቴ ደረበላቸው። ሆኖም ጥበቃው የሕዝብ ንብረት ያለ ፈቃድ ስለተነካ፣ አስጎብኚውም ስለከሰሰ፣ ዝም ብሎ ሊያልፈው እንደማይችል ገልጾ ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው።

እሁድ ሸለቆው ቀረ። ለመንገድ ያዘጋጀነውን ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ይዘን እዚሁ ጣቢያ መጣን፤ ተረኛው ፖሊስ ፈቅዶልን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአባቴ ጋር በላን። 6፡30 ላይ አስጎብኚው እያነከሰ ገባ። ያን ዕለት ጠዋት ሌሎች ሰዎች ይዞ ሄዶ፣ ከማሻገሩ በፊት በተራቆተው ግንድ ላይ ብቻውን ሲሞክር ሦስተኛው እርምጃ ላይ ግንዱ ለሁለት ተቆርጦ ዳር ላይ እንደወደቀ ነገረን። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «አባት፣ ክሴን ላነሳ ነው የመጣሁት» አለ። አባቴ «ሰዎቹስ?» ብለው ጠየቁት። «ማንም አልተነካም» ሲላቸው በረጅሙ ተነፈሱና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ልጄ እንቁላል ልጣ ሰጠችው።

የሕዝብ ንብረቱ ጉዳይ ግን ስላልተዘጋ አባቴ እስከ ዛሬ እዚሁ ናቸው። መርማሪው፣ አባቴ በእርጅና ምክንያት የመርሳት ወይም የመዘባረቅ ምልክት አሳይተው ያውቁ እንደሆነ፣ ይህ ከሆነም መዝገቡ ዛሬውኑ ሊዘጋ እንደሚችል በቅንነት አስረድቶ ጠይቆኛል። መልሴ አሳይተው አያውቁም ነው። ሳንቃዎቹን የነቀሉት አስበውና አውቀው ነው። ሐሙስ ዕለት ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውናል፤ አላደምጥም ያልኩት እኔ ነኝ። በእሳቸው ላይ የሚያመጣባቸው ነገር ቢኖር እንኳ፣ ለማስፈታት ብዬ አባቴን አእምሯቸውን ስተዋል ብዬ አልፈርምም።

የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። ከአፌ ያልወጣ አልገባበትም፣ የተናገርኩትም አልተተወም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፖሊስ ፊርማ ________

በመርማሪው የተጨመረ፦ በዚሁ ዕለት 8፡00 ላይ የመንገድ ሥራ ክፍሉ ባለሙያ ድልድዩን አይቶ መጥቷል። ግንዶቹ በሙሉ የበሰበሱ መሆናቸውንና ክፍሉ በተጠርጣሪው ላይ ክስ እንደማያቀርብ በጽሑፍ አሳውቋል። አዛውንቱ ተለቀዋል። ከግቢው ሲወጡ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ነበር፤ ባለሙያው ደግሞ ማስታወሻውን ገልጦ የትኛው እንጨት እንደሚሻል እየጠየቃቸው ከኋላ ይከተል ነበር።