ስልክ ውስጥ ያለው ወራጅ

(ረፋድ ላይ፣ ከሳሪስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚሄድ ባዶ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ፤ መሪውን የያዘው ሹፌሩ ደጀኔ ነው፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ የታክሲ ጌም የሠራችው የወንድሙ ልጅ ረድኤት።)

ደጀኔ፦ አጥፊው አልኩሽ፤ በቃ።

ረድኤት፦ ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስማኝ። ጌሙን ነው ወይስ ድምፁን ነው የምታስጠፋኝ?

ደጀኔ፦ ጌምሽ ምን አደረገኝ። መኪናው ያምራል፣ መንገዱ ያምራል፣ ትራፊኩ እንኳ ከእኛዎቹ ይሻላል፤ ይስቃል። እኔ የምልሽ ያቺን "ወራጅ አለ" የምትለዋን ነው።

ረድኤት፦ እሷ እኮ እኔ ነኝ። የራሴን ድምፅ ነው የቀዳሁት።

ደጀኔ፦ አንቺ መሆንሽማ ነው የጨረሰኝ። ከኋላ ወንበር "ወራጅ አለ" ስትዪ እሰማለሁ፤ ይቺ ልጅ ደግሞ መቼ ተሳፈረች ብዬ ፍሬን እይዛለሁ። ዞር ስል የለሽም። አንዱ ጎረምሳ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

ረድኤት፦ ካወቅህ ዝም ብለህ መንዳት ነዋ።

ደጀኔ፦ ዝም ይባላል እንዴ? የታክሲ ሰው አታውቂም? አንዱ ከኋላ ሲል መሃል ያለው ይቀበለዋል፣ ጋቢና ያለው ይደግመዋል። ስልኩ አንዴ ይናገራል፣ ከዚያ መኪናው በሙሉ "ወራጅ አለ እየተባልክ፣ አትሰማም እንዴ ሹፌር" ይለኛል። እቆማለሁ። በሩ ይከፈታል። የሚወርድ የለም። ሁሉም ይተያያል፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል።

ረድኤት፦ ሰው የወደደው እኮ እሱን ነው ጋሼ። "ልክ እንደ እውነተኛ ታክሲ" ነው የሚሉት።

ደጀኔ፦ የኔም ታክሲ እውነተኛ ነው።

ረድኤት፦ ጌሙ ውስጥ ወራጁን ሰምቶ ያልቆመ ሹፌር ነጥብ ይቀነስበታል። ድምፁን ካጠፋሁት ተጫዋቹ በምን ያውቃል?

ደጀኔ፦ መብራት አብሪለት። ስልኩ ይንዘርለት። እኔ ነኝ ደግሞ የማስተምርሽ?

ረድኤት፦ ሞተሩ ሲሞቅ ይነዝራል፣ ነዳጅ ሲያልቅ ቀይ ይበራል። ሁሉም የየራሱ አለው። ለወራጁ የቀረው ድምፅ ነው። ሌላ ብጨምር ሰዉ የትኛው ምን እንደሆነ ይጠፋበታል።

ደጀኔ፦ እኔ ጠፍቶብኛል፣ አንቺን የነሱ ነው የሚያሳስብሽ። ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር። ፊሽካ ብታደርጊው ምን ነበረበት?

ረድኤት፦ ፊሽካ የትራፊኩ ነው። ደግሞስ ማጥፊያ አላደረግኩበትም? ይኸው፣ ሴቲንግ ውስጥ "የማሳሰቢያ ድምፆች" ይላል። የሞተሩም፣ የነዳጁም፣ የወራጁም ለየብቻው ይጠፋል። የረበሸው ሰው ያጥፋዋ።

ደጀኔ፦ የሚረብሸው እኔን ነው፤ ስልኩ ግን የሌላ ሰው ነው።

ረድኤት፦ እንዲያጠፉት ንገራቸው።

ደጀኔ፦ ነግሬያለሁ። አንዷ ስልኳን ወደ መሪዬ ዘርግታ "የት ጋ ነው የሚጠፋው?" ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ፤ ያውም እየነዳሁ። እንኪ፣ የኔን ስልክ ያዢው። ጥሪው ምንድን ነው?

ረድኤት፦ ምን አገናኘው?

ደጀኔ፦ ንገሪኛ።

ረድኤት፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው።

ደጀኔ፦ የዛሬ ስንት ዓመት ነው ለፋሲካ የሰጠሽኝ? እስካሁን እሱ ነው። ተራ ላይ ቆመን አንዱ ሲጠራ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ነው እጃችንን የምንከተው። ማን ሴቲንግ ይከፍታል ልጄ? አንቺ እንዳስነሳሽው ነው የሚኖረው። አብርተሽ ከሰጠሽው እንደበራ፣ አጥፍተሽ ከሰጠሽው እንደጠፋ።

ረድኤት፦ እኔም የምፈራው እሱን ነው እኮ።

ደጀኔ፦ ምኑን?

ረድኤት፦ ነገ ውድድሩ ነው። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሯቸው ሄጄ የጌሙን የመጨረሻ ቅጂ ካላስገባሁ በሩ ይዘጋል። ዳኞቹም እንዳንተው ናቸው፣ ሴቲንግ አይከፍቱም። ጠፍቶ ከጀመረ ሳይሰሙት ያልፋሉ፤ ያለሱ ደግሞ ጌሜ ከሌላው በምን ይለያል? ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኞቼ ሲዳሩ፣ ሲኳሉ እኔ ወንበር ላይ ነው ያረጀሁት። አባዬ "ሥራ ፈት" ሲለኝ አንተ ነበርክ የምትቆምልኝ።

ደጀኔ፦ አሁንም ቆሜልሻለሁ። ግን ነገሩን አንቺም ታውቂዋለሽ ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ለአንድ ባዶ መቆም ነው እንዲህ የምትነዘንዘኝ? ብትቆም ምን ትሆናለህ?

ደጀኔ፦ መቆሙን መች አልኩሽ። አለመቆሙ ነው።

ረድኤት፦ ማለት?

ደጀኔ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ትናንት በዚሁ መንገድ ሰው ሞልቼ ስመጣ፣ ይኸው አሁን ከምናልፈው ድልድይ፣ ከጎተራ በፊት አንዲት ልጅ "ወራጅ አለ" አለች። ረዳቱ "ጌም ነው፣ ንዳው" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደገመች። ይባስ ተሳቀ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ነው የደነገጥኩት፤ ያን ጊዜ ድልድዩን አልፌያለሁ። ቆምኩ። ስትወርድ ነጭ ዘንጓን ዘረጋች።

ረድኤት፦ አታይም?

ደጀኔ፦ አታይም። "የት ነው ያወረድከኝ?" አለችኝ። "ጎተራ ማዶ" አልኳት። "ማዶውን አላውቀውም" አለችኝ።

ረድኤት፦ ወርደህ አላሻገርካትም?

ደጀኔ፦ ከኋላዬ ክላክስ ነው፣ ትራፊኩ እጁን እያወናጨፈ ነው፣ ሰዉ "ረፍዷል" ይላል። ነዳሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ልቤ እምቢ አለኝ። ዞሬ ስመለስ የለችም። ማን አሻገራት፣ ቤቷ ደረሰች አልደረሰች፣ አላውቅም። ረዳቱን "ንዳው ያልከኝ አንተ ነህ" ብዬ ጮህኩበት። "ጌሙን የሠራችው ያንተው ዘመድ ናት" ብሎኝ ጥሎኝ ወረደ። ዛሬ ባዶዬን የምነዳው ወድጄ መሰለሽ?

ረድኤት፦ አንድ ሰው አሻግሯታል። አዲስ አበባ ሰው አይጠፋም።

ደጀኔ፦ እኔም ሌሊቱን እሱን ስል ነው ያደርኩት።

ረድኤት፦ ግን ጋሼ፣ አትቆጣኝና፣ ያልሰማሃት አንተ ነህ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

ደጀኔ፦ እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ስንት ዘመን ስነዳ አንዲት ሴት ያለ ቦታዋ አውርጄ አላውቅም ነበር። አሁን "ወራጅ አለ" ሲባል እግሬ ፍሬኑ ላይ ወጥቶ ይመለሳል። ጆሮዬን አላምነውም። ጆሮውን የማያምን ሹፌር ምን ይሠራል?

ረድኤት፦ እሺ፣ ከውድድሩ በኋላ አስተካክለዋለሁ። ኢርፎን ሲሰካ ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል። ቀላል ነው።

ደጀኔ፦ ቀላል ከሆነ አሁን አድርጊው።

ረድኤት፦ ዳኞቹ ኢርፎን ባይሰኩስ?

ደጀኔ፦ ይዘሽላቸው ሂጂያ።

ረድኤት፦ ጌሙን የሚከፍቱት እኔ በሌለሁበት ነው። አንዴ ካለፉኝ አለፉኝ ነው፣ ማን ተመልሶ ያየኛል? አንድ ሳምንት ታገሰኝ እንጂ ጋሼ፤ አንድ ሳምንት ምን አላት?

ደጀኔ፦ ለማን ምን አላት? ለዛች ልጅ?

ረድኤት፦ በቃ፣ አልነካውም። እንደበራ ነው የማስገባው። ሰዓቱም ሄዷል፤ ላንቻ ጋ፣ ቢሯቸው ካለበት ከሰማያዊው ሕንፃ ፊት አውርደኝ።

ደጀኔ፦ እሺ።

ረድኤት፦ ተቀየምከኝ?

ደጀኔ፦ አልተቀየምኩም።

ረድኤት፦ ይኸው ሕንፃው። ወራጅ አለ።

ደጀኔ፦ ...

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ወራጅ አለ። እዚህ ነው።

ደጀኔ፦ ...

ረድኤት፦ አለፍከው እኮ። በሩን ይዘጉብኛል እያልኩህ ነው፣ ከዚህ በኋላ መዞሪያ የለም። ጋሼ ደጀኔ፣ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ አልኩህ፣ አትሰማኝም?

ደጀኔ፦ ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? ስልክሽ መስሎኝ።