ሊፍቱን በሕልሙ ያየው አማች

ጨርቁ ደስ ይላል፣ አይደል? እጅጌውን ትንሽ ልቀቂልኝ፤ ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም። ስፒሉን ከአፍሽ አታውጪ፤ አንቺ ልኪ፣ እኔ ላውራ። መስኮቱ ጋ ጋዜጣ የዘረጋውንም ተይው። እሱ ሲያነብ ጆሮው አይሠራም…

ሲኒማ ወሰዱኝ እኮ፣ አልነገርኩሽም? ስለ አንድ የሰው አማች ነው የማወራሽ፤ በዚህ ቤት ስላለው እንዳይመስልሽ። ደራሲ ነው። አጭር ልብ ወለድ ጻፈ፤ ሳይንሳዊ ነው አሉኝ። ስምንት ገጽ። ከስምንት ገጽ የሁለት ሰዓት ፊልም ወጣ። እንዲህ ያለ የተባረከ እጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ታሪኩ ምን መሰለሽ… በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ያንቀሳቀሰች ሴትዮ አለች። አዎ፣ እኔም ያው ነበርኩ፤ መገጣጠም ነው። ሊፍቱ ሁልጊዜ ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ በሩን በከፈተች ቁጥር «እግርዎን ከፍ፣ ልብዎን ዝቅ» ትላለች። እኔም እንደዚያው እል ነበር። አንድ ቀን ፊርማ ፍለጋ የመጣን ባለጉዳይ ተሳስታ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አወረደችው። የፎቁ አለቃ አዲስ ሠራተኛ መስሎት ወንበር ሰጠው። ሰውዬው እምቢ ማለት አፍሮ ተቀመጠ። በሦስተኛው ወር ጢሙን አንዠርግጎ ወረደ። ይሄን እኔም አንድ ጊዜ ምሳ ላይ ለአንድ እንግዳ አውርቼው ነበር መሰለኝ። እንግዳው ከጠረጴዛው ሥር ይጽፍ ነበር። የምግቡን አሠራር የሚጽፍ መስሎኝ አንጀቴን በላው…

ደራሲው ሦስቱን ወር ሦስት መቶ ዓመት አደረገው። ፊልሙ ደግሞ ሦስት ሺህ። ሰውዬው ሲወርድ ከተማው የለም፣ ፀሐይዋ ሁለት ሆናለች። ምን ቸገረው?

ፊልሙ ሳይጀመር ደራሲውን መድረክ ላይ አቆሙትና «ከየት አገኘኸው?» አሉት። «በሕልሜ» አለ። ሳይርበተበት። ጨዋ ልጅ ነው፣ የማንንም ስም በከንቱ አያነሳም።

ከዚያ እኔ ሴትዮዋን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… የለችም። ለካ ፊልም ሠሪዎቹ «አሮጊት ታሪክ ታዘገያለች» ብለው ለሊፍቱ ራሱ አፍ አውጥተውለታል። ብረት ሆኛለሁ… ሴትዮዋን ማለቴ ነው። አንድ ባለ ሦስት ዓይን ፍጡር ሲሳፈር ብረቱ «እግርዎን ከፍ፣ ልብዎን ዝቅ» ይለዋል። ፍጡሩ እግር የለውም እኮ። አዳራሹ ግን አጨበጨበ።

መጨረሻ ላይ ስም ይወርዳል፣ ታውቂያለሽ። እኔ የተማርኩት ሦስት ዓመት ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ይሮጣል። ቢሆንም አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሾፌሩ አለ። ምግብ አብሳዩ አለ። የውሻው አሰልጣኝ እንኳ አለ፤ ፊልሙ ውስጥ ውሻ የለም። ጽዳቷ በመጥረጊያዋ ጫማዬን እስክትነካኝ ድረስ ቁጭ አልኩ። አንዲት መስመር ብትኖር ምን ነበረበት? «ሊፍት ታንቀሳቅስ ከነበረች ሴት የተሰማ»፤ በቃ፣ ይቺን ታህል። ለዚያች ሴትዮ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ምን ያደርግልኛል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛ ታሪክ አምጣ ብለው ይዘውታል አሉ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ አልገለጠም… ማን አትበይኝ፣ የሰው አማች አልኩሽ እኮ። ሚስቱን ልኮ «እማዬ፣ የሊፍት ወሬ አልቆብሽ ይሆን?» አስብሏል። ምን ያልቅብኛል? ዋና ዳይሬክተሩ በፒጃማ፣ ነጭ ዶሮ ታቅፈው ሊፍቴ ውስጥ የገቡ ቀን አለ። «ወደ ላይ» አሉኝ። ዐሥረኛ ፎቅ ስንደርስ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ…

ቆይ እስቲ። ምንድን ነው ጫር ጫር የሚለው? እስክሪብቶ ነው እንዴ? ጋዜጣ ሲነበብ እንዲህ ይላል?

እንግዲያው ተይው፣ ጠፋኝ። እርጅና ነው… ወገቡን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ፣ እህቴ።

ለዚያ ልጅ ግን ጸሎቴ አይቋረጥም። እጁን ይባርክለት፤ ስሙን ከዚህም በላይ ከፍ ያድርግለት። ለእኔም ዕድሜ ይጨምርልኝ… ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ እኔስ ኖሬ ጠግቤያለሁ። ድንገት ብሞት፣ ያን የመሰለ ደራሲ ገና በጉብዝናው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ብዬ ነው።