ከመንዙማው ሥር ስለተሰማው ሻካራ ድምፅ

የመስካሪዋ ስም፦ ወ/ሮ ኣኽበረት ዘርዓይ፣ ዕድሜ 41፣ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ አሥመራ፣ ማይ ጭሆት
ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ተሰረቀ ስለተባለ ቴፕ

የምሠራው ከኢንድሪስ ሻዕባን ሻሂ ቤት ጎን ሲሆን የሚለየን ስስ ግድግዳ ነው፤ ሻሂውን ሳልጠጣ ቴፑን ስሰማ ኖሬአለሁ። ትናንት ባለሱቁ አቶ ዓንደማርያም «በመጋቢት የተሰረቀብኝ ቴፕ ይህ ነው» በማለት ስለከሰሰው ኢንድሪስ ታሰረ።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፖሊሶች ኢንድሪስን ከቴፑ ጋር ወደ ሻሂ ቤቱ ይዘውት መጡ። ቴፕ ጠጋኙ ተወልደመድኅንም የራሱን ማጫወቻ ይዞ ቀረበ። ኢንድሪስ «ወላሂ፣ የልጄን የቀድሪያን ሰርግ በጥር የቀዳሁት በዚሁ ቴፕ ነው» ብሎ ሰርጉ የተቀዳበትን የቴፕ ክር አወጣ። ዓንደማርያም «በሌላ ሰው ቴፕ ቀድተህ እንደሆነስ?» አለው። ክሩ በተወልደመድኅን ማጫወቻ ሲከፈት ከበሮና ጭብጨባ ስለነበር ማናችንም የለየነው ነገር አልነበረም። ተወልደመድኅን ግን «ስቕ በሉ! ከበሮ ሁሉን ይሸፍናል። መንዙማውን የሚያወጣው ሽማግሌ ብቻውን የሚያዜምበትን አምጡልኝ» አለ። ሽማግሌው ወፍራም ድምፁን ሲስብ ከሥሩ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የሚሰማ ዓይነት ሻካራ ነገር ተሰማ፤ ለትንፋሽ ሲያቆም ሻካራውም አብሮ ቆመ። እኔ ስንት ወር ሰምቼው የሽማግሌው ጉሮሮ ነው ስል ነበር! የዚህን ሰው ጆሮ ምን ልበል፣ ፈጣሪ ሲሰጠው አልሰሰተም።

ቀጥሎ «ኣኽበረት ሓፍተይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ዜማ ያዢ» ብሎ ኢንድሪስ በተከሰሰበት ቴፕ ቀዳኝ። እያፈርኩ ያዝኩ። በራሱ ማጫወቻ ሲያሰማን ከእኔም ድምፅ ሥር ያው ሻካራ ወጣ፤ ስተነፍስ ጠፋ። ተወልደመድኅንም የዚህ ቴፕ ክር የሚስበው ጎማ ስለተበላ የሚቀዳውን ሁሉ እንዲህ እንደሚያሻክር ነገረን። ዓንደማርያም ቴፑ ሳይጠፋ በፊት ቀድቶበት ያመጣው የዋሽንት ክር ግን በዚያው ማጫወቻ ጥርት ብሎ ተሰማ። ስለዚህ የኢንድሪስ ቴፕ ከስርቆቱ በፊት፣ በጥር፣ በእጁ እንደነበረ ተረዳን። ዓንደማርያም «እወ፣ የእኔ አይደለም» አለ።

ኢንድሪስ ሌባ ነው ብዬ ትናንት ከፌርማታው እስከ ገበያው ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ይህም ይጻፍልኝ። እጁ ሲፈታ ዞር ብሎ «እትዬ ኣኽበረት፣ ድምፅዎ ለካ ለደግም ይሆናል» አለኝ።

ትናንት የተናገርኩት የተወራውን ነበር፤ ይህ ግን በጆሮዬ የሰማሁት እውነት መሆኑን፣ ተነብቦልኝም ያልኩት ሁሉ በትክክል መስፈሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የመስካሪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው ሃምሳ አለቃ ሰረቀብርሃን እያሱ፣ ፊርማ ____________