የሞርዌና አካፋ

ብርጭቆውን አስቀምጡት፤ ለሞርዌና ክብር የምናነሳው ንግግሬን ስጨርስ ነው። ሞርዌና፣ አንቺም ተረጋግተሽ ተቀመጪ። ከጠዋት ጀምሮ አካፋሽን የወሰደውን ሰው በዓይንሽ እየፈለግሽ እንደሆነ አይተናል። ቄስ ሂክስ እንኳ ፈርተው የያዙትን ፓስቲ፣ ያንን በሥጋ የተሞላ ቂጣ፣ አልጨረሱም።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥራ የጀመርሽበት ዕለት ትዝ ይለኛል። ደወል ደውዬ ስወርድ አንዲት የማላውቃት ሴት የተቃጠለ አስከሬን አመድ በሚቀበርበት የመታሰቢያ አትክልት ቦታ መሃል ቆማ ጳጳሱን ታባርራለች።

«አባታችን፣ ከዚያ ላይ ይውረዱ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ጳጳሱ ነኝ።»

«ይሁኑ። የቆሙት ግን ሰው ላይ ነው። አመዱ የተቀበረበት አፈር ገና ትኩስ ነው።»

ጳጳሱ ዘለው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሲዘሉ ያየናቸው ጊዜ የለም።

ጠባይሽን ሁሉም ያውቀዋል። የፕላስቲክ አበባ ያስቀመጠ ሰው በማግስቱ ደጃፉ ላይ ተመልሶለት ያገኘዋል። አካፋሽን የነካማ ወዮለት። አንዴ ድንቼን ላወጣበት ብወስደው፣ «ይሄ የሰው አመድ የሚቀበርበት ነው፤ ድንችህን በጥፍርህ ቆፍር» ብለሽ እስከ ፋሲካ አኮረፍሽኝ።

አሁን ግን በሹክሹክታ ብቻ የምናወራውን ነገር ጮክ ብዬ ልናገር ነው። ብትቆጪም ተቆጪ።

ሕጉን እናውቀዋለን። ቤተሰብ አመዱን በእጁ ጉድጓዱ ውስጥ ያፈሳል፣ አንቺ የሟቹን ስም አንድ ጊዜ ጮክ ብለሽ ትጠሪያለሽ፣ ከዚያ አፈሩን ትመልሻለሽ። አመድ ከሌለ ጉድጓድም ስምም የለም። ኬረንዛ ልጇን ባሕር ሲበላባት መጥታ ለመነችሽ። «አይሆንም» አልሻት። ይኸው አጠገብሽ ተቀምጣለች። ለዓመታት ሰላም አትልሽም ነበር፤ «ልበ ደንዳና» ስትልሽ እኛም አዎ ብለናል።

ያንቺንም ጃጎ ያው ባሕር እንዳስቀረው ዘንግተን ነበር። በተጋባችሁ በሁለተኛው ዓመት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ከነጀልባው ቀረ። የከተማውን ሙታን ሁሉ ስም ስትጠሪ የባልሽን ግን አንድ ቀንም እዚያ ጠርተሽ አታውቂም። ኬረንዛን የከለከልሻት ለራስሽም ያልፈቀድሽውን ነው።

ባለፈው እሑድ ሕጉ ይለወጥ ብላ ሰበካ ጉባኤው ፊት የቆመችው ኬረንዛ ናት። ቄሱ «እንግዲያው ካንቺ ልጅ እንጀምር?» ሲሏት ምን አለች መሰለሽ? «የለም፣ ከጃጎ ጀምሩ። ከእኔ በፊት ያጣችው እሷ ናት።» የተቃወመ ሰው አልነበረም።

በሩን አትዪው፣ ሞርዌና። ልጨርስ።

እናቴን ያሳረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ዝናብ እየወረደብሽ ኮፍያሽን አውልቀሽ ስሟን ስትጠሪ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ያጽናናኛል። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ዕዳ አለበት። እናመሰግንሻለን።

አካፋሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ከሚታይበት ግንብ ሥር ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬበታለሁ። ኬረንዛ በአመድ ፈንታ የምናፈሰውን አሸዋ ከወደቡ አምጥታለች።

አሁን ብርጭቆ አንሱ። ሞርዌና፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ወገብሽም ይረፍ። ጠጥተን ስናበቃ አብረን እንወጣለን። ዛሬ አካፋው እኔ ጋ ነው፤ አንቺ ከቤተሰብ ጎን ትቆሚያለሽ። የጃጎን ስም ኬረንዛ ትጠራለች። የልጇን ስም ደግሞ አንቺ ትጠሪላታለሽ።

ለሞርዌና። ስትወጡ የምትረግጡትን እያያችሁ።