በሁዳዴ የተመረጠ የሥጋ መቁረጫ

ስልኩ ገና መጮህ ሲጀምር ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከጓዳ ወጡ። ሲጠብቁት ነው ያረፈዱት። የጠበቁ እንዳይመስሉ ግን ትንሽ አስጮኹትና አነሱት።

— ሄሎ! … ማነው? … አንቺ ነሽ ታቢታ? … ደህና ነኝ፣ አንቺስ? … ከአዲስ አበባ? አገናኝኝ፣ አገናኝኝ፤ ወንድሜ ነው።

ታቢታ የአዋሳ የስልክ ኦፕሬተር ናት። የከተማውን ሰው በሙሉ በድምፁ ታውቀዋለች። መስመር አገናኝታ ጆሮዋን እንደማትነቅል ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ክፋት የለባትም። ቀኑን ሙሉ ሌላው ሲያወራ ተቀምጦ አለመስማት ለመልአክም ይከብዳል።

— ግዛቸው? … ትሰማኛለህ? … እኔም እሰማሃለሁ፣ አትጩህ። የት ሆነህ ነው? … እዚያው ሱቁ ውስጥ? ጎበዝ። … እኛ ደህና ነን። ልጆቹስ? … ተመስገን። በል ንገረኝ፣ አገኘህ? … ሁለት ዓይነት አለ?

ወይዘሮዋ ወደ ሳሎኑ በር ዞር ብለው አዳመጡ። ባለቤታቸው አቶ ሞገስ ሬዲዮ ከፍተው ስለ ቡና ምርት ዕቅድ ይሰማሉ። ዕቅዱ እንደተለመደው ከታሰበው በላይ ተሳክቷል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

— … ምንም አልሆንኩ፤ ጋሽ ሞገስ ዜና እየሰማ ነው። ቀጥል። ትንሿ ምን ዓይነት ናት? … በኤሌክትሪክ። … ነጭ። ቀለሟን ምን ላድርገው፣ ግዛቸው? ሥጋ ትቆርጣለች ወይ ነው የምልህ። … ባለሱቁ ትቆርጣለች አለ? እሱማ ምን ይበል! ላሟን የሚሸጥ ሰው ትራገጣለች ይላል እንዴ? … ሞክራት ያልኩህስ? … ሞከርካት? በምን? … በድንች?

— … የሥጋ መቁረጫ በድንች ሞክረህ ነው የምትደውልልኝ? … ሥጋ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ያን ያህል ከተማ ውስጥ ሥጋ … ውይ! … ውይ፣ እውነትህን ነው።

ሁዳዴ ከገባ ሰንብቷል። ሥጋ ቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቷል፣ ባለ ቢላውም ቢላውን ሰቅሎ አገሩ ገብቷል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራሳቸው በዚያ ሰዓት እህል አልቀመሱም። ይሁንና ስለ መቁረጫው ሲያስቡ ስለ ስለቱ አሰቡ፣ ስለ ማስቀመጫው አሰቡ፣ መሞከሪያ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ሳያስቡ ቀሩ። ለፋሲካ እንዲደርስ ከፋሲካ በፊት መግዛት ግድ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ደግሞ ሥጋ የለም። እንግዲህ የዚህ አገር ጿሚ እንዲህ ያለውን ዕቃ መቼ ይምረጠው?

— እሺ፣ ድንቹን እንዴት አድርጋ ቆረጠችው? … ስስ። ምን ያህል ስስ? … ጣትህ በወዲያ በኩል ይታይሃል? ግዛቸው፣ እኔ ቁርጥ ላቀርብ ነው እንጂ መጋረጃ ልሰቅል ነው? … ማወፈሪያ አላት? አወፍራት እስኪ፣ የትንሿ ጣትህን ያህል። … እሺ፣ እጠብቃለሁ።

— … ታቢታ፣ እዚያው ነሽ? … አውቄያለሁ። እንዳትቆርጪብኝ የኔ እናት፤ እየሞከረ ነው። … ምን? … ሰሞኑን ሥጋ ሠራሽ? በሁዳዴ? … አዎ፣ አዎ፣ ረሳሁት፤ የእናንተ ሃይማኖት ሌላ ነው። እና በምን ቆረጥሽው? … በቢላ። እሱማ እኛም በቢላ ነበርን።

— … ሄሎ፣ ግዛቸው? … ምን ሆነች? … ቆመች? መብራት ሄዶ ነው? … ስትግል ማረፍ አለባት? ገና በድንች! ድንች ያደከማት ሻኛ ሲመጣባት ምን ልትሆን ነው? … አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ቤት ነው የተሠራችው አለ? እኛም እኮ አልፎ አልፎ ነው። ግን አልፎ አልፎ ስንበላ ባንዴ ነው የምንበላው! ሁለት ወር ሙሉ ስንጾም ከርመን ባንድ ጠዋት ነው። ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ። እሷ አረፍ ስትል እንግዳው ምን ይሁን፣ ይዘምር? … አይሆንም። መልሳት። ትልቁን ንገረኝ።

— … የጣሊያን። በእጅ የሚዞር። … ቀይ። አሁንም ቀለም! … መዘውር አለው፤ እሺ። ስለቱ ምን ያህላል? … የሰታቴ ክዳን? እንዲያ ነው እንጂ! … እሱንስ በምን ሞከርከው? … በቀይ ሥር። … ደሙ ፈሰሰ? ቀይ ሥር ምን ደም አለው? አትቀልድ፣ በጾም ምድር አታስጎምጀኝ። … ባንድ ልክ ወጣ? … ሁሉም እኩል?

እኩል የሚለው ቃል በዚያ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። አቶ ሞገስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቀያሽ ነበሩ። አዋሳ ገና ሳርና ጉማሬ ሳለች ገመድ ዘርግተው መንገዷን ከለኩት ሰዎች አንዱ ናቸው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቅርጫ ሲገባም፣ በሬው ተጥሎ ከተበለተ በኋላ ሥጋውን የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ። መደቡን አስተካክለው ሲያስቀምጡት ከአንዱ መርጦ ሌላውን መጥላት አይቻልም፤ ዕጣው የሚጣለው ለወጉ ያህል ብቻ ነበር።

ባለፈው ገና ግን ቢላው በእጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ሳተ፣ ደግሞ ሳተ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሬውን ትቶ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ጎረቤታቸው ደምሴ፣ «ጋሽ ሞገስ፣ እርስዎ ደግሞ አንዳንዴ እንኳ ይረፉ እንጂ» ብሎ ቢላውን ተቀበላቸው። ለክፋት አልነበረም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኝ እጃቸውን ሰው ፊት ከኮታቸው ኪስ አላወጡም። ሰው ቤት ተጠርተው አይሄዱም፣ ሰው አይጠሩም። ለፋሲካም ቅርጫ አልገባም ብለዋል። ሞገስ የሌለበት ፋሲካ ለሚስታቸው ፋሲካ አይደለም።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አውጥተው አውርደው ያገኙት መላ ይኸው ነው። ቁርጥ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቢላ እየቆረጠ ነው የሚበላው። ሥጋው ከጓዳ ተቆርጦ ከመጣ ግን ማዕድ ላይ ቢላ የሚይዝ ሰው አይኖርም። ቢላ የሚይዝ ከሌለ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ማን ያውቃል? ይህን ለማንም አልተናገሩም፣ ለባለቤታቸውም ቢሆን።

— … አዲስ ነው? … ያገለገለ። የት ነው ያገለገለው? … የጣሊያን ግሮሰሪ። … ግሮሰሪው ሲወረስ ሰውየው አገሩ ገባ። … እና ምን ይቆርጥበት ነበር? … ሞርታዴላ። ሌላስ? … ፕሮሹቶ። እሱ ደግሞ ምንድን ነው? … ግዛቸው? ሄሎ? መስመሩ ነው ወይስ አንተ ነህ ዝም ያልከው? … ከምን የሚሠራ? … ከአሳማ?

አንድ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

— … ሁለቱም? … ኸረ በማርያም! ዕድሜ ልኩን አሳማ ሲቆርጥ ኖሮ ነው በትንሣኤ ቤቴ የሚገባው? … ታቢታ፣ አትሳቂ። … ብረት ምን ኃጢአት አለበት? እሱስ ልክ ነሽ፤ ሂጂና ለሞገስ ንገሪው! ብስኩት ሲገዛ እንኳ ቅቤ አለው የለውም እያለ ባለሱቁን የሚያስለቅስ ሰው ነው። … ግዛቸው፣ ይፈታታል ወይ? … ስለቱ ይወልቃል? እስኪ ያውልቀውና ልስማ። … ጥሩ። የማይፈታማ ከሆነ ሥጋው ውስጡ ቀርቶ ቤት ያገማል። በአመድ አሸዋለሁ፣ በሎሚ አሸዋለሁ፣ ጸበልም አላጣም። … ለሞገስ ማን ይነግረዋል? እኔ አልነግረው፣ አንተም አትነግረው።

— … ምን? … ቢላ አይበቃችሁም ወይ? አንተም ጀመርክ? … በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው፣ አውቃለሁ። … ጋሽ ሞገስ እያለ፣ አዎ … የሰፈሩ ሁሉ መዳቢ፣ አዎ … ግዛቸው፣ ተው። እንግዳ ይመጣብኛል ብዬሃለሁ። … የትኛው እንግዳ? እንግዳ ነዋ! ስም አለው እንዴ እንግዳ? … አይ፣ አልተቆጣሁም። … እንደሱ ካልክ አትግዛው፣ ተወው … አይ፣ ቆይ። አትዝጋው። ቆይ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግድግዳውን ተደገፉ። ወንድማቸውን አሳድገውታል፤ ውሸት ሲነግሩት ገና ሕፃን ሳለ ጀምሮ ያውቅባቸዋል።

— … ስማ። ታቢታ፣ አንቺም መስማትሽ ካልቀረ ስሚ፣ ግን ካንቺ አይለፍ። … እጁ ይንቀጠቀጣል። … የሞገስ። ቀኙ። ክረምት ላይ ነው የጀመረው። … ሐኪሙማ የነርቭ ነው አለ፣ ኪኒን ሰጠው። … ገና ላይ ሰው መሐል ቢላው አልታዘዘውም፤ ደምሴ ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ከቤት አይወጣም። … እኔ የማውቅ አይመስለውም። ሸሚዝ ሲለብስ በሩን ይዘጋል። እኔም ከበሩ ውጭ ቆሜ ቆልፎ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አሁን የመጣሁ መስዬ እገባለሁ። … ባሌ ሰው ሲፈራ ማየት አልቻልኩም፣ ግዛቸው። ያ ሰው! ከሰው ጋር ካልበላ እንጀራ የማይወርድለት ሰው! … ሥጋው ከጓዳ ተቆርጦ ከመጣ ማዕድ ላይ ቢላ የሚይዝ አይኖርም ብዬ ነው። … አታልቅስ፣ በሰው ሱቅ። … እኔ? ጉንፋን ነው። … ታቢታ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?

የቡናው ዕቅድ ከተቋረጠ ቆይቷል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ይህን ያወቁት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና ሲሉ ነው። አቶ ሞገስ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ፣ የሳሎኑ በር ላይ ቆመዋል።

— ቆይ ግዛቸው። … ሞገስ? መቼ መጣህ? … ዜናው አለቀ እንዴ? … ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው? … ከአሳማው ጀምሮ?

የስልኩን እጀታ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቀሩ። ከአሳማው ጀምሮ ከሆነ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሸሚዙንም ሰምተዋል። ይቅርታ ልበል ብለው አሰቡ፣ ምን በድለው እንደሆነ ግን አልመጣላቸውም። አቶ ሞገስ የተናገሩት ግን ወይዘሮዋ ያልጠበቁትን ነው።

— ምን? … መዘውሩ? … እሺ፣ ልጠይቀው። … ሄሎ፣ ግዛቸው። መዘውሩ ይከብዳል ወይ ይልሃል። … እሱ ራሱ ነዋ! እዚሁ ቆሟል። ባለሱቁን ጠይቀው። … ይከብዳል አለ። … ለማስነሳት ነው እንጂ አንዴ ከዞረ በራሱ ክብደት ይሄዳል። … እ? … ድገምልኝ።

ሰሙት፣ ግን ወዲያው አልተናገሩትም። ባለቤታቸውን አዩዋቸው። ባለቤታቸው ይጠብቃሉ።

— … እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ስለቱ አይንቀጠቀጥም ይላል።

በመሐላቸው ያ ቃል በአፍ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አቶ ሞገስ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለስልኩ ዘረጉት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከገና ወዲህ በቅርብ አላዩትምና ካሰቡት በላይ ሆነባቸው። እጀታውን ሰጧቸው።

— ግዛቸው። … እኔ ነኝ። … ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … አዎ፣ ይንቀጠቀጣል። አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ይህ የሚንኳኳብህ ስልኩ ከመነጽሬ ጋር ሲጋጭ ነው። … አይ፣ አያመኝም። ያሳፍረኛል እንጂ አያመኝም። … ትልቁን ግዛው። … አሳማውን ተወው፣ እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እነጋገራለሁ። … ጓዳ አይገባም። እህትህ ልትደብቀኝ ነበር ያሰበችው፤ ደግ አሰበች፣ እኔ ግን መደበቅ ሰልችቶኛል። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ እኔ ራሴ አዞረዋለሁ። … በሬውን? ከደምሴ ጋር ቱላ ገበያ ወርደን እናያለን። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። … በል፣ ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ።

— … ታቢታ፣ ልጄ፣ አለሽ? … አልተቆጣሁም። … ኸረ ለሰው ብትነግሪም ግድ የለኝም። እኔ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንቺ ብትጨርሽልኝ ይቀለኛል። … አሜን። ደህና ዋይ።

እጀታውን ሊመልሱት ሲሉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። እንደገና አነሱት፣ አሁንም ቦታውን ስቶ ተንሸራተተ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እጃቸው ሊቀድማቸው ነበር፤ በነጠላቸው ውስጥ ጨብጠው ያዙት። አቶ ሞገስ ሳይቸኩሉ ለኩና አስቀመጡት፤ ስልኩ ተዘጋ።